ለእንግዳ ስለጸዳው የእትዬ ኑርሀያት መደብ

ለክቡር የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። የዘንድሮው ክረምት በብዙ ሰው ጉልበትና ወገብ ላይ የጨከነ ነበርና፣ የክቡርነትዎን ጉልበት እንዳልነካው፣ የቢሮዎ ጣሪያም እንዳላፈሰሰ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ በሰላም እንደከረሙ ከልቤ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የቀጋ ሜዳ የዕፅዋት ማዕከል በጎ ፈቃደኞች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን። ቁጥራችን ብቻ ቀንሷል።

ስሜ መልአኩ ውበቱ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ በጡረታ የተገለልኩ፣ ዛሬ የበጎ ፈቃደኞቹ ሰብሳቢ የሆንኩ ሰው ነኝ። ክቡርነትዎ በግንቦት ወር በድምፅ ማጉያ «ጋሽ ሙሉጌታ» ብለው ያመሰገኑት ሰው እኔ ነኝ፤ በዕለቱ ላርምዎ አልደፈርኩም። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው፣ ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች «ታይተዋል» ስለተባልኩ ነው። መታየታቸው አስደስቶኛል፤ አራተኛው ደግሞ ቢነበብ ብዬ ተመኘሁ።

ግልጽ ደብዳቤ ማንም ያነበዋልና፣ ማዕከላችንን ለማያውቅ ሰው ጥቂት እንድናገር ይፈቀድልኝ። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ ሲኬድ ከአስፋልቱ ዳር ያለው ያ ድንጋያማ ሜዳ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የፍየል መዋያ ነበር። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ መምህሩ፣ ከሐይቅ እስጢፋኖስ የመጡ አንድ የቅኔ መምህር ሳይቀሩ ተሰብስበን ድንጋዩን ለቀምን፣ አጥር አጠርን፣ ከታች ከምንጩ በጄሪካን ውኃ እየተሸከምን ከዚህ አገር እየጠፉ ያሉትን ዕፅዋት ተከልን። ደመወዝ የሚባል ነገር በመካከላችን ተነሥቶ አያውቅም። ረቡዕ የትምህርት ቤት ልጆች፣ ቅዳሜ እናቶች እየመጡ ይማሩ ነበር። ልጆቹን የማስተምረው እኔ ነኝ። እናቶቹን የሚያስተምሩት ግን ወይዘሮ ኑርሀያት ነበሩ።

እትዬ ኑርሀያት ፊደል አልቆጠሩም። ባለቤታቸው ሞተው ስድስት ልጆች ሲቀሩባቸው፣ በአርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለች ጠባብ ማሳ አሳደጓቸው፤ በክፉ ዓመትም ነፍሳቸውን ያቆዩት ከሜዳ በለቀሙት ቅጠል ነው። የትኛው ቅጠል እንደሚበላ፣ የትኛው እንደሚገድል፣ የትኛው ሆዷ የተነፋ ላም እንደሚያድን ያወቁት እንዲህ ነው። በማዕከላችን ጥግ ያለውን ረጅም መደብ ለብቻቸው ይዘው በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ዓይነት ተክል አቆሙበት። ከአምባሰል ተራራ ጎን ያመጡት ሥረ ብዙ የሚባለው የመድኃኒት ተክል ሦስት ጊዜ ደርቆባቸው በአራተኛው የያዘላቸው ቀን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ሰደቃ አወጡ።

ከአምስት ዓመት ወዲህ ዓይናቸው ይደክም ጀመር፤ ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ ከጭላንጭል በቀር የሚያዩት የለም። ደሴ ወስደናቸው ሐኪሙ ጊዜው አልፏል አለን። ማስተማሩን ይተዉታል ብለን ስንሰጋ «አብሽር መምህር፣ እጄ አልታወረም» አሉኝ። በመደቡ ዳር ገመድ ዘረጋንላቸው፤ በእያንዳንዱ ተክል አንጻር ቋጠሮ ቋጠርንበት። ገመዱን ይዘው ይሄዳሉ፣ ቋጠሮው ጋ ሲደርሱ ጎንበስ ይላሉ፣ ቅጠሉን በጣታቸው አሸት አድርገው ያሸቱታል። ለእናቶቹም «ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ እንደኔ ሁኑና እወቁት» ይሏቸዋል። በሠላሳ አንድ ዓመት የመምህርነት ዘመኔ እንደዚያ ጸጥ ያለ ክፍል ገጥሞኝ አያውቅም።

እንግዲህ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ጽዳቱ አመሰግናለሁ። በግንቦት፣ ከላይ አንድ ትልቅ እንግዳ ሊጎበኙን እንደሆነ በተነገረን ሳምንት ክቡርነትዎ ራስዎ መጥተው ግቢውን ዞረው አዩ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ የመጀመሪያዎ ስለነበር እግርዎን እንዳያደናቅፍዎ ስንጨነቅ ነበር። ከእትዬ ኑርሀያት መደብ ፊት ቆመው «ይሄ አረም ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም ከአንደኛው ቋጠሮ ጀምሬ ማስረዳት ያዝኩ፤ ስድስተኛው ላይ ስልክዎ ጠራ። አነጋግረው ሲጨርሱ «ገብቶኛል፤ ግን ለእንግዳ ዓይን አይሆንም» አሉ። ሐሙስ ጠዋት ስድስት የቀን ሠራተኞች ገጀራና አካፋ ይዘው መጡ። እስከ ቀትር ድረስ አርባ ሦስቱም ተነቅለው ከአጥሩ ውጭ ባለው የጎርፍ መውረጃ ተጣሉ፤ ከቀትር በኋላ ከደሴ በመኪና የመጣ ምንጣፍ ሣር ተነጠፈ፣ ዙሪያውን ኖራ የተቀባ ድንጋይ ተደረደረ። ገመዱንም የልብስ ማስጫ መስሏቸው ጠቅልለው ጣሉት። በጽሕፈት ቤትዎ ጉዳይ በአንድ ቀን ሲያልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ሀሚድ የሚባል የሰፈራችን ሰው፣ ሥረ ብዙው ጋ ሲደርስ አካፋውን ተደግፎ ቆመ። «መምህር፣ ይሄ የእትዬ አይደለም እንዴ?» አለኝ። «ታዝዛችኋል፤ ሥራችሁን ሥሩ» አልኩት። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ክቡርነትዎ በቦታው አልነበሩም።

ሁለተኛ፣ ስለ ቧንቧው አመሰግናለሁ፤ እኔም ለምን እንዲያ እንዳልኩ ከዚሁ ይታወቃል። ጉብኝቱ ያማረ እንደሆነ የውኃ መስመር እንደሚዘረጋልን ቃል ገብተውልን ነበር። ዘጠኝ ዓመት ጄሪካን የተሸከመ ሰው ቧንቧ የሚል ቃል ሲሰማ ልቡ ምን እንደሚሆን ክቡርነትዎ በሚገባ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዓርብ እንግዳው መጡና ሰባት ደቂቃ ቆዩ። በአዲሱ ሣር ላይ ቆሜ የእንኳን ደህና መጡ ንግግር ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ «አገር በቀል ዕውቀት» የሚለውን ቃል አራት ጊዜ አነሣሁ። እንግዳው ዙሪያውን ቃኙና «በጣም ንጹሕ ነው» አሉ። ያኔ በክቡርነትዎ ፊት ላይ የተነበበው ደስታ አይረሳኝም። ቃልዎንም አላጠፉም፤ ቧንቧው በሰኔ ገብቷል። ዛሬ ሣሩን ያጠጣል።

ሦስተኛ፣ ስለ ቅዳሜው ነው፤ በዚህኛው ምስጋናውን ከክቡርነትዎ ጋር እካፈላለሁ።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ለእትዬ ኑርሀያት አልነገርኳቸውም። ቤታቸው ከማዕከሉ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ እንግዳውን ከሸኘን ወዲያ እስከ አጥራቸው ድረስ ሄጄ ነበር፤ ከውስጥ ሆነው ለጎረቤታቸው «ነገ ኢንሻአላህ የክረምቱን ጎመን አስተምራለሁ» ሲሉ ሰማኋቸውና ከበሩ ተመለስኩ።

የክረምቱ ጎመን የሚሉት በዓመት አንዴ ዝናቡ ሊገባ ሲል የሚሰጡትን ትምህርት ነው። በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት እናቶች ከማሳ ዳር አሉማ የሚባለውን ቅጠል ለቅመው እንደ ጎመን ይቀቅላሉ። ከእሱው ጎን አስተናግር የሚባለው መርዘኛ ተክል ይበቅላል፤ በለጋነታቸው ለማያውቅ ሰው ይምታታሉ። እትዬ ሁለቱን ጎን ለጎን ተክለው በመዳሰስና በማሽተት ያስለዩ ነበር። በዚያ ቅዳሜ አሥራ አራት እናቶች መጡ፤ ግማሾቹ አዲሶች ነበሩ። እትዬን እጃቸውን ይዛ ያመጣቻቸው ማህደር የምትባል፣ ከደሴ ከተማ ወደዚህ ተድራ የመጣች የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ራሷ እንደምትለው ቅጠል ሁሉ አንድ የሚመስላት። በሩን አልፋ መደቡን ስታይ ቆመች። ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መሬት አየሁ።

እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ገመዱን ፈለጉ። አንድ እርምጃ ተራመዱና እንደገና ዘረጉ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው መሬቱን በሁለት እጃቸው ወዲያና ወዲህ ደባበሱት።

«መምህር፣ የት ነው ያመጣችሁኝ?» አሉ።

«እዚያው ነው እትዬ። መደብዎ ጋ ነው።»

«እሳት ነው?» አሉ።

«አይደለም።»

«ፍየል ገባ?»

«አልገባም።»

«በረዶም አልጣለም፤ ቢጥል እሰማው ነበር። እንግዲያ ምን መጣ?»

«እንግዳ ይመጣል ተብሎ… ተጸዳ» አልኳቸው።

«መቼ?»

«ሐሙስ።»

በጣታቸው ቆጠሩ፤ ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ። «ሦስት ቀን ሙሉ እያወቅህ አልነገርከኝም» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ላይ አንድም ክፉ ቃል ከአፋቸው አልወጣም፤ ይህን በሙሉ ልብ ላረጋግጥልዎ እችላለሁ። ስምዎንም አያውቁትም።

ከሣሩ ነጭተው በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት፣ በጥርሳቸውም ነከስ አደረጉት። «ይሄ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ። የሳይንስ ስሙን ነገርኳቸው። «ለምን ይሆናል?» አሉ። «ለማየት ነው» አልኳቸው፤ ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ነው ለማን እንደተናገርኩት ያስተዋልኩት። እሳቸው ግን አልተቀየሙኝም፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደ እናቶቹ ዞሩና «በሉ ልጆቼ፣ ዛሬ ትምህርት የለም፤ ወደየቤታችሁ ሂዱ» አሏቸው። ማህደር እያለቀሰች እጃቸውን ይዛ ወሰደቻቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ግቢው አልመለሱም።

አራተኛ፣ ስለ ሀሚድ። ክቡርነትዎ ሠራተኛ ሲያስመርጡ የመረጡልን ሰው ልበ ቀና ሆኖ ተገኝቷልና ለዚህም ምስጋና ይገባዎታል። እሑድ ማለዳ ማንም ሳያዘው ወደ ጎርፍ መውረጃው ወርዶ የተጣለውን ሲበረብር ዋለ። ከብት ረግጦታል፣ ፀሐይ አግኝቶታል። ሰባት ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ እትዬ ቤት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት። ከደጃቸው ተንበርክኮ «አውፍ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ እትዬ፤ የነቀልኩት እኔ ነኝ» አላቸው። «አውፍ ብያለሁ፤ አንተ እንጀራህ ነው» አሉት። እኔም ቀረብ ብዬ «እኔንስ እትዬ?» አልኳቸው። «አንተን ቆይ» አሉኝ።

ሰባቱን ሥር አንድ በአንድ ዳሰሷቸው። ስድስቱን «ሞቷል» እያሉ አስቀመጡ። ሰባተኛው የሥረ ብዙው ነበር። እሱን ረጅም ጊዜ በመዳፋቸው ይዘው ቆዩና ከቤታቸው ጓሮ አስተከሉት፤ ዉዱእ ባደረጉበት ውኃ በየቀኑ ያጠጡት ነበር። ሀሚድም ጧት ጧት እየመጣ ያይላቸዋል። «ምን አለ?» ይሉታል። «ገና ነው» ይላቸዋል። ሰኔ አልቆ ሐምሌ እስኪጋመስ ድረስ ገና ነው ሲላቸው ቆየ። አንድ ቀን እሱ ሳይመጣ ራሳቸው አፈሩን ጫር ጫር አድርገው ሥሩን አወጡትና ዳሰሱት። ከዚያ በኋላ ሀሚድን «አትድከም ልጄ» አሉት።

በሐምሌ መጨረሻ ልጃቸው ዑምኩልሱም ከኮምቦልቻ መጥታ ወሰደቻቸው። ስንት ዓመት ስትለምናቸው «መደቤን ለማን ትቼ» እያሉ ይመልሷት ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የሚሉት አጡ። አሁን የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጓዛቸውን እስከ ሐይቅ መናኸሪያ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። መኪናው ሲነሣ በመስኮት እጃቸውን ሰጡኝ። «በል ደህና ሁን መምህር» አሉኝ፤ ሌላ የጠበቅኩት ቃል ነበር፣ እሱን አልጨመሩበትም።

አምስተኛውን ምስጋና ብሎ ለመጥራት ብዙ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ክቡርነትዎ ይቅር ይበሉኝና እንዲሁ ልንገርዎ።

በነሐሴ አጋማሽ ማህደርና ሁለት ጎረቤቶቿ ከማሳ ዳር ቅጠል ለቅመው፣ ከትፈው፣ በአንድ ድስት ጣዱት። ሦስቱም ባለፈው ግንቦት ሊማሩ መጥተው ከተመለሱት አዲሶቹ ናቸው። ድስቱ ሊበስል ሲል አንደኛዋ «ሽታው ደስ አላለኝም» አለች። ሌላዋ «አሉማ ነው፤ አሳምሬ አውቀዋለሁ» አለች። ተከራከሩና እኔን ጠሩኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው፣ ድስቱን ጎንበስ ብዬ ባይ የተከተፈና የተቀቀለ ቅጠል አንዱን ካንዱ ልለየው አልቻልኩም። ልጆቹ በሩ ላይ ተደርድረው ያዩናል። በእኔ ስልክ ኮምቦልቻ ደወልንና ድምፁን ለሁላችን ከፈትነው።

«እትዬ፣ ማህደር ነኝ። ቅጠል ጥደን ተጠራጠርን» አለቻቸው።

«ቅጠሉ ዳሩ እንዴት ነው?»

«ተከትፏል እትዬ። ሲለቀም ጥርስ ነገር ያለው መስሎኝ ነበር፤ ደግሞ የሌለውም ነበረበት።»

«ሽታውስ?»

ማህደር ወደ ድስቱ ጎንበስ አለች። እንፋሎቱን ሳበች፣ እንደገና ሳበች። «እንዴት ብዬ ልንገርዎት?» አለች።

«ልጄ» አሉ እትዬ ከወዲያ ማዶ፣ «በስልክ አይሸተኝም። ድፉት።»

«የሦስት ቤት ልጆች ነው የሚጠብቁት እትዬ።»

«አውቃለሁ። ድፉት።»

ሦስቱ እናቶች ድስቱን ይዘው ከቤቱ ጀርባ ሄዱና ደፉት፤ ዶሮ እንዳይለቅመው አፈር አለበሱበት። ልጆቹ አንድም አላለቀሱም፤ ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር። ቅጠሉ ደህና ይሁን ክፉ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ስልኩን ልዘጋ ስል እትዬ «መምህር አለህ?» አሉኝ። «አለሁ» አልኳቸው። «ዝናቡ ሲያቆም አምባሰል ውጣና ሥረ ብዙውን ፈልግልኝ» አሉ። ከግንቦት ወዲህ በቀጥታ ያዘዙኝ ይሄን ብቻ ነው፤ ደስታዬን ለክቡርነትዎ በጽሑፍ ልገልጸው አልችልም። በዚህ በመስከረም ከሀሚድ ጋር ሁለት ጊዜ ወጥተናል። እሳቸው በነገሩን ጎን፣ ከጅረቱ በላይ፣ ከጥዱ ሥር ሁሉ በጉልበታችን እየዳህን ፈለግን። ቦታው ታርሷል። አላገኘነውም።

ይህንን እስካሁን ለእትዬ አልነገርኳቸውም። ይህን ደብዳቤ ጨርሼ እስክሪብቶዬን እንዳስቀመጥኩ እደውልላቸዋለሁ፤ ከማዕከላችን የትምህርት መርሐ ግብር የቀሰምኩት ይሄንኑ ነው።

ከክቡርነትዎ የምጠይቀው ነገር የለም። ተክሎቹን ለመመለስ እንዳይጨነቁ፣ ዛሬ የት እንደሚገኙ እኛም አናውቅም። ሣሩ ደህና ነው፤ ሙሽሮች እየመጡ ፎቶ ይነሡበታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግቢው ጸጥ ያለ ስለሆነ ይመቻቸዋል።

ሥራዎ የሰመረ፣ እንግዳዎ የበዛ፣ በሚረግጡበት ሁሉ የሚጎረብጥ ነገር የማይገጥምዎ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ክቡርነትዎ ባሉበት ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ሁልጊዜም አክባሪዎና የበደልዎ ተካፋይ፣
መልአኩ ውበቱ
የቀጋ ሜዳ የዕፅዋት ማዕከል የበጎ ፈቃደኞች ሰብሳቢ
መስከረም፣ ሐይቅ

ማስታወሻ፦ ይህን ለሕዝብ ልለጥፍ ስል ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከ ደብዳቤ ደረሰኝ። በጥቅምት ወር ከሌላ ዞን ልምድ የሚቀስሙ እንግዶች ስለሚመጡ፣ «የአገር በቀል ዕውቀት ባለቤት የሆኑት ዓይነ ሥውር እናት» ነጭ ልብስ ለብሰው በግቢው ውስጥ እንዲጠብቁ ይላል። እሳቸው ኮምቦልቻ ስለሆኑ እንግዶቹን ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ቢያወጧቸው ይቀላል። ባዶ እጃቸውን ግን አይሂዱ፤ አንድ እፍኝ የሜዳ ቅጠል ይያዙላቸው፣ ደስ ይላቸዋል። የትኛውን ቅጠል እንደሚይዙ ብቻ እኛን እንዳይጠይቁን አደራ፤ አናውቅም።